ስለ እንደራሴ ምርጫ ታሪክና ስለ ኮዬ ፈጬ ነዋሪ

በግዕዝ ቋንቋ መምረጥ ኀረየ ይባላል፤ የተመረጠውም ኅሩይ ይባላል። ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው የይሁዳ ስፍራ ባዶ በኾነ ጊዜ ኹለት ሰዎች በጉባኤው ፊት ቆሙ፤ ዕጣም ተጣለ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ማዕድ አገልግሎት ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ዕጣ አልጣሉም፤ የምእመናኑን ጉባኤ ጠርተው በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ጉባኤው ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። ዕጣ ሲወጣ ሰው የደረሰውን ይቀበላል፤ ምርጫ ሲደረግ ግን መራጩም ስለ ተመረጠው ሰው ሥራ ድርሻ አለበት።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ፣ ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ አጠገብ ኮዬ ፈጬ የሚባል ስፍራ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገበሬ እርሻ የነበረው ሜዳ ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ቤተ ሰብ የሚያድርባቸው ፎቆች ቆመውበታል። የነዚህን ቤቶች ባለ ዕድል የለየው ዕጣ ነው። ነገር ግን በዕጣ ቤት ያገኘው ሰው በምክር ቤት ስለ እርሱ የሚናገረውን እንደራሴ በዕጣ አያገኝም፤ መምረጥ አለበት። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በ2018 ዓ.ም. እንዲደረግ ቀጠሮ መያዙን ካስታወቀ ወዲህ ይህ ጉዳይ ለኹሉ የሚታሰብ ነው፤ በኹለት አስተዳደሮች ወሰን ላይ ለሚኖር ሰው ግን ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ለመኾኑ ሰውን የአንድ ስፍራ መራጭ የሚያደርገው ምንድር ነው? ትውልዱ ነውን? ርስቱ ነውን? ወይስ የሚያድርበት ቤት? አገራችን ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥታለች፤ እኛም መልሶቹን በተራ እንመለከታለን።

በጽሑፍ የቆመ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የወጣው በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ሕጉ ኹለት ምክር ቤቶች አቆመ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ኾኑ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንደራሴዎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተወሰነ። ሕጉ ይህን ለጊዜው ብቻ ያደረገው መኾኑ ልብ ይባል፤ መብቱ በመጨረሻ የሕዝብ እንደ ኾነ በዚያው ዐምኗልና። ኾኖም ሹም የመረጠው እንደራሴ የሚያስበው ለሹሙ ነው። ገበሬው በምክር ቤት እንደራሴ አለህ ቢባልም ያንን እንደራሴ አልላከውም፤ ሊሽረውም አይችልም።

ኹለተኛው መልስ የመጣው ከ24 ዓመታት በኋላ ነው። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንደራሴዎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ታዘዘ። አገሩ እያንዳንዱ 200,000 ያህል ሕዝብ በያዘ የምርጫ ክልል ተከፈለ፤ ከያንዳንዱም ክልል ኹለት ኹለት እንደራሴ ይመጣ ዘንድ ተወሰነ። ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ለብቻው አንድ እንደራሴ ይልካል፤ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ 50,000 ነዋሪ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። ዕድሜው 21 ዓመት የመላና በክልሉ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም ሳይባል፣ መራጭ ኾነ። የእንደራሴው ዘመን አራት ዓመት ነበረ።

መራጩ በመኖሪያው የተወሰነ ሲኾን ተመራጩ ግን በሀብቱ ተወሰነ። በምርጫው ሕግ መሠረት ለእንደራሴነት የሚቀርብ ሰው በዚያው በሚወዳደርበት ክልል ዋጋው 1,000 ብር የኾነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ይህ ዐይነቱ ሕግ የኛ ብቻ አይደለም። የምክር ቤቶች እናት የምትባለው እንግሊዝ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1710 ባወጣችው ሕግ ከገጠር የሚመረጥ የምክር ቤት አባል በዓመት 600 ፓውንድ፣ ከከተማ የሚመረጥ 300 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት እንዲኖረው አዝዛ ነበር፤ ይህን የሻረችውም በ1858 ነው። በዚያ አገር ድምፅ ለመስጠት እንኳ ንብረት ይጠየቅ ነበር፤ ለሴቶች ከወንዶች ጋራ እኩል የኾነ የመምረጥ መብት የተሰጠው ገና በ1928 ነው። እንግዲህ የኛ ሕግ ለሴቶች በመጀመሪያው ምርጫ ድምፅ መስጠቱ ሳይመሰገን የሚታለፍ አይደለም።

በዚህ ሕግ መሠረት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለምክር ቤቱ በመመረጥ የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ኾኑ። ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ፣ በ1961፣ በ1965፣ በ1969ና በ1973 ምርጫው ተደገመ። ኾኖም በነዚህ ምርጫዎች ኹሉ የፖለቲካ ማኅበር አልነበረም፤ ተወዳዳሪው ለብቻው ይቆማል፤ ለብቻውም ይገባል። ምክር ቤቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩን አይመርጥም፤ የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስለዚህ መራጩ እንደራሴውን ቢለውጥም መንግሥቱን ለመለወጥ አይችልም ነበር። መሬት የሌለው ጭሰኛም ድምፅ ይሰጣል እንጂ ራሱ ለመመረጥ ለመቅረብ ይቸግረው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ይህ ኹሉ ተገለበጠ። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ምክር ቤቱም ተበተነ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ወደ መንግሥት ይዞታ ገባ። ርስት የመብት መሠረት መኾኑ በዚህ አበቃ። በከተማም በሐምሌው ዐዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌ የሚባለው የነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሰውም ከዚያ ወዲህ በትውልዱ ወይም በመሬቱ ሳይኾን በቀበሌው መዝገብ ይታወቅ ጀመር። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ነፃነት አይኾንም። በሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 አባሎች የነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥ ዕጩዎቹ የቀረቡት በአንድ ፓርቲ መሪነት ነበር። በቀድሞው ዘመን መራጩ ለመንግሥት ለውጥ ድምፅ አልነበረውም፤ በዚህኛው ዘመን ደግሞ ድምፅ ነበረው፤ አማራጭ ግን አልነበረውም።

አሁን ወደ ክልል ምክር ቤቶች ታሪክ እንመጣለን። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱ በ14 ክልሎች ተከፈለች፤ አዲስ አበባም ክልል 14 ተባለች። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ለክልልና ለወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ተደረገ። የክልል ምክር ቤት የሚባል ነገር በሕዝብ ድምፅ የታየው ያን ጊዜ ነው። ይህም መጀመሪያ ያለ ዕንቅፋት አልነበረም፤ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከውድድሩ ወጣ፤ በድምፅ ሊፈታ ይገባ የነበረውም ጠብ ወደ ጦር መሣሪያ ተመለሰ።

የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ ይባላል። ጨፌ በአማርኛችንም ለምለም ሣር የበቀለበት እርጥብ መስክ ነው፤ ለበዓል በቤት የሚጐዘጐዘውን ለምለም ሣር ጨፌ የምንለው ስለዚህ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዐት ሽማግሎች ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡበት መስክ በዚሁ ስም ይጠራል። በገዳ ሥርዐት ሥልጣን ለስምንት ዓመት ብቻ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ለባለ ተራው ይተላለፋል። የቱለማ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ስፍራ የኾነው ኦዳ ነቤ በዱከም አቅራቢያ፣ ከኮዬ ፈጬም ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። እንግዲህ ለዚህ ምድር ምክርና የተወሰነ የሥልጣን ዘመን ከባሕር ማዶ በመጽሐፍ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የምርጫ ሣጥንና የመራጮች መዝገብ ሳይታወቁ ሥልጣን በዘመን ይለካ ነበርና።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የምርጫውን ሥርዐት አሁን በያዘው መልክ አቆመው። ዕድሜው 18 ዓመት የመላ ኹሉ ይመርጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሎች ከ550 አይበልጡም፤ ዘመናቸውም አምስት ዓመት ነው፤ በየክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። የክልል ምክር ቤት ደግሞ በክልሉ የበላይ የሥልጣን አካል ነው፤ ሕግ ያወጣል፤ በጀት ያጸድቃል፤ የክልሉንም ርእሰ መስተዳድር ይሰይማል። ለምሳሌ የኦሮሚያ ጨፌ 537፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አላቸው። አዲስ አበባ ራሷን በራሷ ታስተዳድራለች፤ 138 መቀመጫ ያለው የከተማ ምክር ቤት አላት፤ ከንቲባውን የሚሰይመው ይህ ምክር ቤት ነው፤ ለፌዴራሉም ምክር ቤት 23 እንደራሴዎች ትልካለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በእንደዚህ ያለ የምክር ቤት ሥርዐት መራጩ ከንቲባውን ወይም ርእሰ መስተዳድሩን በቀጥታ አይመርጥም፤ የሚመርጠው እንደራሴውን ነው፤ ሹሙን የሚያቆመውም የሚያወርደውም የእንደራሴዎቹ ብልጫ ነው። ከዚህም በላይ የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚሰጠውና በክልሎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚፈታው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባሎቹን የሚያገኘው በክልል ምክር ቤቶች በኩል ነው። ስለዚህ ለክልል ምክር ቤት የሚሰጥ ድምፅ ከወንዙና ከኮረብታው አልፎ የአገሩን ጠቅላላ ሕግ እስከ መተርጐም ይደርሳል። ለፌዴራሉ ምክር ቤት በጥንቃቄ መርጦ የክልሉን ወረቀት በቸልታ የሚሞላ ሰው የሥልጣኑን እኩሌታ በመንገድ ጥሎ እንደ ሄደ ይቈጠራል።

የክልልና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ቀላል ነገር እንዳልኾነ በቅርብ ያየነው ታሪክ ይመሰክራል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138ቱ መቀመጫ 137ቱን፣ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ደግሞ 23ቱንም አሸነፈ። ነገር ግን በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ከተማዪቱም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለ አደራ አስተዳደር ተዳደረች፤ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ እንደ ገና የተደረገው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኝ ምክንያት ጠቅላላው ምርጫ ሲራዘም የትግራይ ክልል ለብቻው ጳጉሜን 4 ቀን የክልል ምርጫ አደረገ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው የማይጸና ነው አለ፤ በኹለቱም ወገን አንተ ሕጋዊ አይደለህም መባባሉ ቀጠለ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ ምክንያት አንድ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ማን በማን ስም ይሾማል የሚለው ጥያቄ በአንድ የታመነ መዝገብና በአንድ የታመነ ዳኛ ካልተፈታ የሚያስከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ኾነ አይተናል።

አሁን ወደ ኮዬ ፈጬ እንመለስ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በአዲስ አበባ በስፋት የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው። ብዙ ቤት ፈላጊ በ1997ና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ከደመወዙ እየቈጠበ ተራውን ሲጠብቅ ኖረ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51,000 ለሚበልጡ ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በኮዬ ፈጬ የተሠሩ ነበሩ። ወዲያው በኦሮሚያ ከተሞች የተቃውሞ ሰልፍ ተነሣ፤ ምድሩ የኦሮሚያ ነው፤ የገበሬውም ዕንባ አልታበሰም የሚል ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ለዓመታት የቈጠበው ሰው የወጣለት ዕጣ በእጁ ሳለ ቁልፉ ተያዘበት። መንግሥትም ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቆመ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች ስለ ወሰናቸው መስማማታቸውን አስታወቁ፤ ቀጥሎም በከተማዪቱ ዙሪያ የነበሩ የኦሮሚያ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲመሠረት ኮዬ ፈጬ የሚለው ስም ለአንዱ ክፍለ ከተማ ተሰጠ።

እንግዲህ በዚህ ምድር ኹለት ዐይነት ሰዎች ጎረቤት ኾነዋል። አንዱ እርሻውን ትቶ የተነሣው ገበሬና ልጆቹ ናቸው፤ ሌላው በዕጣ የመጣው የከተማ ሰው ነው። ኹለቱም እውነተኛ ነገር ይዘዋል። ገበሬው የአባቶቼ አጥንት ያረፈው እዚህ ነው ይላል፤ የከተማው ሰው ልጆቼን የማሳድገው እዚህ ነው፤ ሌላ ቤት የለኝም ይላል። የድሮው ሕግ ቢኾን ንብረት ያለውን ብቻ ለመመረጥ ያቀርብ ነበር፤ ትውልድ ብቻ ይቈጠር ቢባል መጤው ያለ እንደራሴ ይቀር ነበር። አሁን የሚሠራው የምርጫ ሕግ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1162፣ ግን መራጩን ርስቱንም ዘሩንም አይጠይቀውም፤ 18 ዓመት መምላቱንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖሩን ይጠይቀዋል። የተነሣው ገበሬ በዚያው ክልል እስከ ኖረ ድረስ አንድ ድምፅ አለው፤ በዕጣ የገባውም አንድ ድምፅ አለው፤ ከአንዱ ድምፅ የሌላው አይበልጥም።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች የታወቀ ሥርዐት ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ መሠረት ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከወጣቶች ሲመረጥ አባልነቱ በአጥቢያ ነው። አጥቢያ ማለት በደብሩ ዙሪያ ያለ መኖሪያ ነው። ጎጃም የተወለደ ሰው በአቃቂ ቢኖር የሚያስቀድሰውና ሰበካ ጉባኤውን የሚመርጠው በአቃቂ ነው፤ የትውልድ ደብሩን መውደዱ ከዚህ አያግደውም፤ በዚህ መምረጡም ከዚያ አይለየውም። ደብሩን ከተከሉት የቀደሙ ሰዎች ልጆችና ዐዲስ ከመጡት መካከል አንዱን ወገን የሚገፋ ሰበካ ጉባኤ የማን ጉባኤ ይባላል? የሕዝብ ምክር ቤትም ነገር እንደዚሁ ነው።

ድምፁ በእውነት ሥራ ይሠራልን? ብሎ የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር የካሣውን ሕግ ይመልከት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 455 ከእርሻው ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው 10 ዕጥፍ የመፈናቀያ ካሣ እንዲከፈለው ይል ነበር። በ2011 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ሽሮ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ 15 ዕጥፍ እንዲኾን አደረገ። ኹለቱንም ሕግ ያወጣው ምክር ቤት ነው። በዐሥርና በዐሥራ አምስት መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬው ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት እንጀራ ነው። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ፣ የውሃው መስመር፣ የመንገዱ ሥራ፣ የመቃብር ስፍራ፣ የገቢው ግብር እንዲሁ በክልሉ ወይም በከተማው አስተዳደር እጅ ነው፤ አስተዳደሩም በምክር ቤት እጅ ነው። የአዲስ አበባ የሥራ ቋንቋ አማርኛ፣ የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ መኾኑን እንኳ ብናስብ፣ በወሰን ላይ ያለ ሰው ድምፁ ከ138ቱ ወይም ከ537ቱ መቀመጫ ለየትኛው እንደሚቈጠር ሳያውቅ መቅረቡ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በዚህ ስፍራ የሚኖር ኹሉ መመዝገቢያው ጊዜ ሳያልፍ የቤቱን አስተዳደርና የምርጫ ክልሉን ለይቶ ይወቅ፤ ያልተመዘገበ ሰው የወሰኑን ነገር ሌሎች እንዲወስኑለት ትቶታል። ኹለተኛ፣ ለመመረጥ የሚቀርበው ሰው ለገበሬው ልጅና ለባለ ዕጣው ኹለት ልዩ ልዩ ቃል እንዳይሰጥ ኹለቱም በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ይጠይቁት፤ በጧት ለአንዱ፣ በማታ ለሌላው የሚማልለት እንደራሴ ለኹለቱም አይኾንም። ሦስተኛ፣ ካህናት እንደ ማንኛውም ዜጋ ድምፃቸውን ይስጡ፤ ዐውደ ምሕረቱን ግን ለወንጌል ይተዉት፤ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ደጀ ሰላም የሚቀመጡት ሰዎች በምርጫ ሣጥን ፊት የተለያዩ ናቸውና፣ ካህኑ ከአንዱ ጋራ ከቆመ የሌላውን ንስሓ ማን ይቀበላል?

በ1923 ዓ.ም. ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ ይቈይ ተባለ፤ በ1948 ዓ.ም. ንብረት ያለው ይቅረብ ተባለ፤ በ1979 ዓ.ም. ከአንዱ ፓርቲ ዕጩዎች ምረጥ ተባለ። ዛሬ ሕጉ የሚጠይቀው መኖሪያን ብቻ ነው። ሕጉ በወረቀት እንደ ተጻፈ በሥራ ይፈጸም ዘንድ ግን መዝገቡ እውነተኛ፣ ቈጠራው ግልጽ፣ ተሸናፊውም ሳይፈራ በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባ መኾን አለበት። ዕጣ ጎረቤት ያደረጋቸውን ሰዎች ምርጫ ባላንጣ እንዳያደርጋቸው መጠበቅ የመንግሥትም የሕዝብም ግዴታ ነው። የሰላም አምላክ እግዚአብሔር ለመራጩ ማስተዋልን፣ ለተመራጩ ታማኝነትን ያድል።